ሦስት ኪሎ ቆሮሶ

ባለፈው ወር ከባሕር ዳሩ ሽምብጥ ያሳፈረኝ የባጃጅ ልጅ የሂሳብ ሠራተኛ መሆኔን ሲሰማ «ጋሼ፣ ቢዝነስ ለመማር የትኛውን ስልጠና ልውሰድ?» አለኝ። መውረጃዬ ደርሶ ነበር። «ማታ ማታ ጻፍ» ብዬው ወረድኩ። ነገሩን በወጉ ሳልነግረው መቅረቴ ከነከነኝ። ለእናንተም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ፣ የሂሳብ ዲፕሎማዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ጣና ዳር አሳ ንግድ ጀመርኩ። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከአስጋሪዎች በኪሎ እገዛለሁ፤ ፍሌቶውን፣ ማለትም አጥንትና ቆዳ የሌለውን ሥጋ፣ አስወጥቼ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሂሳቡን ለማቅለል፣ ኪሎውን በ10 ብር ገዝቼ የፍሌቶውን ኪሎ በ25 ሸጥኩ እንበል። ከእጥፍ በላይ! ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ዐቢይ ጾም ገብቶ አሳ ሲፈለግማ አይጣል ነው። ግን ጾሙ ሳይፈታ ኪሴ ባዶ ሆነ። ሌባ ጠረጠርኩ። የሚያግዘኝን ልጅ በክፉ ዓይን አየሁት፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ማታ ሚዛኑን አወጣሁ። ሦስት ኪሎ ቆሮሶ መዘንኩ። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ የተረፈው አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። በ30 ብር የገዛሁትን በ25 ስሸጥ ከርሜያለሁ። በረዶውና የልጁ ደሞዝ ሳይቆጠር! ብዙ በሸጥኩ ቁጥር ብዙ እከስር ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። የገባ፣ የወጣ፣ በዱቤ የሄደ። ከታች ደግሞ ያልገባኝን አንድ ነገር። አንድ ብቻ። በማግስቱ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ እጠይቃለሁ። ገጹን መጻፉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስልጠና አትውሰዱ አልወጣኝም። ግን ጥያቄ ሳይዙ ገብተው ሰርተፍኬት ብቻ ይዘው የወጡ ስንቱን አይቻለሁ።

ከጠየቅኳቸው አንዷ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ እናት ናቸው። መቀነታቸው ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። በአንዱ መነሻቸው፣ በሌላው ትርፋቸው። ለቡና፣ ለእድር፣ ለልጅ ደብተር የሚፈታው የትርፉ ብቻ ነው። ሌላው ታንኳ ሠሪ ነበር። ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ዳር አውጥተው ቢያደርቁትም በወራት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ አሮጌው ታንኳ እየሠራ ሳለ የሚቀጥለው ደንገል ይታጨዳል። እኛ ቢሮ ውስጥ «የእርጅና ቅናሽ» የምንለው፣ ዕቃ በሠራ ቁጥር እያለቀ መሄዱን በየጊዜው እንደ ወጪ መቁጠር፣ ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ ፈተናውን አልፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን እዚያ ውኃው ዳር ነው።

ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ግብር አለ። በግምት ተጫነብኝ ብሎ ከማልቀስ ደብተር ይዞ መቅረብ ይሻላል። እሱን ደርሳችሁ ታዩታላችሁ።

ትናንት ያንን ልጅ አገኘሁት። ከመቀመጫው ሥር የተጨማደደ ደብተር አወጣ። ነዳጅ፣ ለባለቤቱ የሚገባ፣ ምሳ። ከታች «ጎማ ስንት ጊዜ ይሄዳል?» ይላል።

«ጎሚስታውን ጠየቅከው?»

«ጠየቅኩት ጋሼ። እንደ መንገዱ ነው አለኝ። እኔም የቀየርኩበትን ቀን ጻፍኩ።»