የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ በስክሮል ሶው የሚሠሩ የእንጨት ስጦታዎች

ጥያቄ፦ ለምርቃትና ለሠርግ ስጦታ የሰው ስም ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ እየቆረጥኩ አዘጋጃለሁ። «መቅደስ» የሚለውን ስም ጣውላው ላይ ቀዳዳ አድርጌ ስቆርጠው የ«መ» ሁለት ዓይኖችና የ«ቅ» ክብ መሃላቸው ወደቀ። ፊደሎቹን ነጥዬ ቆርጬ በኮላ ሳያይዛቸው ደግሞ ይላቀቃሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ በስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ጥምዝ ቅርጽ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ስም በሁለት መንገድ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ የራሱ ንድፍ ይፈልጋል።

ፊደሉ ራሱ ቀዳዳ ከሆነ፣ በክብ የተዘጋ መሃል ያላቸው እንደ «መ»፣ «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ» ያሉት ሁሉ መሃላቸውን የሚይዝ ድልድይ ያሻቸዋል። በ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ የድልድዩ ስፋት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ። ለአንድ ዓይን ከላይና ከታች ሁለት ድልድይ ይተዉለት፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሲያለሰልሱት ይሰበራል። በሁሉም ፊደላት ላይ በአንድ መስመር ከተደረደሩ የስሙ ጌጥ ይመስላሉ። በኮምፔንሳቶ ፈንታ ዋንዛ ከተጠቀሙ ድልድዩ የእንጨቱን ጭረት (የቃጫውን መስመር) ተከትሎ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ጭረቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን እንጨት በጣት ግፊት ይቀነጠሳል።

ፊደሉ ራሱ ቆሞ የሚቀር ከሆነ ግን ኮላውን ይተዉት። የእኛ ፊደላት ተነጣጥለው ስለሚጻፉ ከሥራቸው ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው መደብ ስለው ስሙን ከነመደቡ ከአንድ ጣውላ ይቁረጡት። እያንዳንዱ እግር መደቡ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ይግባ። በአንድ እግር ብቻ የሚቆሙት፣ «ቀ» እና «ተ»ን የመሳሰሉት፣ እግራቸው 5 ሚሊ ሜትር ይወፍር፤ ቦታ ካለም ራሳቸው ከጎረቤት ፊደል ጋር ይነካካ። «ሌ»ና «ቤ»ን የመሰሉ ኃምስ ፊደላት ግርጌ ያለችውን ቀለበት በመጋዝ ለመዞር አይድከሙ፣ በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ አንድ ጊዜ መብሳት ይበቃል። የፊደሉ ቁመት ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን እነዚህ ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ ስለዚህ ረጅም ስም በጠባብ ጣውላ ላይ አጭቆ መሥራት አያዋጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣውላውን በማስኪንግ ቴፕ ይሸፍኑትና ንድፉ የታተመበትን ወረቀት በቴፑ ላይ ይለጥፉ፤ ሲጨርሱ ሁለቱም አብረው ይላጣሉ፣ እንጨቱም ላይ ኮላ አይቀርም። የውስጥ ቀዳዳዎችን ሁሉ ይብሱ፤ ምላጩ የሚገባው በእነሱ ነው። ፑንታው ከታች ያወጣውን ፍንጣሪ በብርጭቆ ወረቀት ያጥፉት፤ አለበለዚያ ጣውላው በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ አይተኛም፣ ሲቆርጡም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር እየቆረጡ ይውጡ። የዙሪያው መስመር የሁሉ መጨረሻ ነው፤ እሱ ቀድሞ ከተቆረጠ ጣትዎ የሚይዘው ሰፊ እንጨት አይኖርም።

ጥያቄ፦ ምላጩ ቶሎ ቶሎ ይሰበርብኛል። ሲቆርጥም ከመስመሩ ወደ ቀኝ ይስታል። መጋዙ ተበላሽቶ ይሆን? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ መጋዙ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ ውጥረቱን ይዩ፦ ምላጩ ሲነኩት እንደ ክራር ጅማት ጥርት ብሎ መጮህ አለበት፤ ድምፁ ከታፈነ ላልቷል ማለት ነው። የላላ ምላጭ ሲገፋ ይለመጣል፤ ሲለመጥ ይሞቃል፣ ሞቆ ይበጠሳል፤ የቆረጠው ጠርዝም ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቀጥሎ የእጅዎን ግፊት ይቀንሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው፤ እጅ እንጨቱን መምራት እንጂ ምላጩ ላይ መጫን የለበትም። ጠንካራ እንጨት ላይ አንድ ምላጭ የሚያገለግለው ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ይደንዛል፤ ሲደንዝ ደግሞ ሳይታወቅዎ መግፋት ይጀምራሉ።

ወደ ቀኝ መሳቱ ከምላጩ አሠራር የሚመጣ ነው። ጥርሱ ሲወጣለት በአንዱ ጎኑ ሸካራ ጠርዝ ይቀርበታል፤ ያ ጎን የበለጠ ስለሚቆርጥ ምላጩ ወደዚያው ያደላል። ጠረጴዛውን በመነካካት አይስተካከልም። በቁራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምረው ይሞክሩና መስመሩን ለመከተል እንጨቱን ምን ያህል ማዘንበል እንዳለብዎት ይለዩ፤ ያንን ጥቂት ዲግሪ ይዘው ይሥሩ። እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ለ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቁጥር 1 ወይም 3 ምላጭ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ጠንካራ እንጨት ቁጥር 5 ወይም 7 ይሆናል። የታችኛዎቹ ጥቂት ጥርሶች ወደ ላይ የዞሩበትን ዓይነት ካገኙ ይምረጡት፤ የጣውላው ጀርባ አይፈነጣጠርም። ጫፉ ላይ ፒን (አግድም የገባች ትንሽ ብረት) ያለው ምላጭ ግን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ስለሚጠይቅ ለፊደል ዓይን አይሆንም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ከዚህ ስክሮል ሶው ልልክለት ነው። ይሠራለታል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የአሜሪካው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምልልስ) ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግድ ነው። ሞተሩ 150 ዋት አካባቢ ከሆነ የ500 ዋት ትራንስፎርመር ሳይጨናነቅ ይሸከመዋል። ትራንስፎርመር ኸርዙን እንደማይቀይር ግን ይወቁ፦ ፍጥነቱ የማይቀየር ኢንዳክሽን ሞተር ከሆነ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፣ የበለጠም ይሞቃል። ፍጥነቱ በማዞሪያ የሚስተካከለውን ቢመርጡለት ይሻላል። አብረው ፒን የሌለው የ5 ኢንች ምላጭ በደርዘን ይላኩለት።

ጥያቄ፦ ወይራ ስቆርጥ ጠርዙ ይጠቁራል። ማጠናቀቂያውስ ምን ልቀባው? (ከጎንደር)

መልስ፦ የሚያጠቁረው ሙቀት ነው። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ምላጩን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፣ በንድፉ ላይ ካርቶን የሚታሸግበትን ስኮች ይለጥፉ፤ ከቴፑ የሚወጣው ነገር ምላጩ በቀላሉ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ጠባብ ኩርባ ላይ ቆመው አያመንቱ፣ ምላጩ አንድ ቦታ ሲደጋግም ያቃጥላል።

ለቅብ፣ ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀ የተልባ ዘይት የወይራን ጭረት አጉልቶ ያወጣል። የወጥ ቤቱ ተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል አይጠቀሙበት። ዘይቱን ቀብተው ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁና የተረፈውን ይጥረጉ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ ወይም ሰጋቱራ ውስጥ በፍጹም አይጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።