በእጅ የተገጠመ 1911 ሽጉጥ ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ይገባዋል ወይ?

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ዴንቨር ሆነህ በየሳምንቱ የተኩስ መለማመጃ ትሄዳለህ። በ900 ዶላር የገዛኸው 45 ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት 0.45 ኢንች ገደማ የሆነ) 1911 ሽጉጥ አለህ። አሁን ደግሞ በባለሙያ እጅ የተገጠመ ሌላ 1911 በ4,200 ዶላር አይተህ ልብህ ሸፍቷል። ልዩነቱ እውነት ነው ወይስ የስም ዋጋ ነው ብለሃል። ጎንደር ላሉት አባትህ ይዘኸው መምጣት ይቻል እንደሆነም ጠይቀሃል፤ በመጨረሻም 45 ይሻላል ወይስ 9 ሚሊ ሜትር ነው ያልኸው። እኔ አሁን ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው የምኖረው፤ አሜሪካ በነበርሁባቸው ዓመታት ግን እንጀራዬን የበላሁት ከመሣሪያ መሸጫና መጠገኛ ቤት ነው። የርካሹም የውዱም ሽጉጥ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ስላየሁ በደንብ ልመልስልህ።

ልዩነቱ እውነት ነው። ለአንተ ግን ጊዜው ገና ነው።

1911ን ጆን ብራውኒንግ ነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ተቀበለው፣ እስከ 1985 ድረስም ዋና ሽጉጡ አድርጎ ያዘው። በጃንሆይ ዘመን ሠራዊታችን የአሜሪካ መሣሪያ ይታጠቅ ስለነበር «ኮልት» የሚለው ስም ለጎንደር ሽማግሌም እንግዳ አይደለም። ንድፉ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ማንኛውም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፤ ዋጋው ይህን ያህል የተራራቀውም ለዚህ ነው። እንደ አንተ ያለው የፋብሪካ ሽጉጥ ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ይገኛል። እንደ ዳን ዌሰን ያሉ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋሉ። ዊልሰን ኮምባት፣ ሌስ ቤር፣ ኤድ ብራውንና ናይትሆክ የሚባሉት ቤቶች ሦስት ሺህ አካባቢና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ከእነርሱ በላይ ደግሞ አንድ ባለሙያ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሠራው አለ፤ ለእርሱ ዓመታት መጠበቅም ይኖራል።

ፋብሪካ የሚሠራው ሽጉጥ ክፍሎች፣ የትኛውም ክፍል ከየትኛውም አካል ጋር እንዲገጥም ተብሎ ትንሽ ክፍተት ተትቶላቸው ነው የሚቆረጡት። ትናንሾቹ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የብረት ዱቄት በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የሚሠሩ ናቸው። በእጅ በሚገጠመው ላይ ግን ክፍሎቹ ከጠንካራ ብረት ይፈለፈላሉ፣ ከልካቸው ትንሽ ተለቅ ተደርገው ይመጣሉ፣ ከዚያም ባለሙያው ለዚያ አንድ ሽጉጥ ብቻ እየሞረደ ያስማማቸዋል። ናይትሆክ አንዱን ሽጉጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው እንዲሠራው ያደርጋል፤ ሠሪውም የስሙን መነሻ ፊደላት ከእጀታው ሽፋን ሥር ያትማል። እኔ ይህን አከብራለሁ። የምትከፍለው ገንዘብ የሚሄደው ለሰው ሰዓት ነው።

በር የሚገጥም አናጢ አስብ። ክፍተት ትቶ የገጠመው በር በጋም ክረምትም ይከፈታል፣ ነፋስ ግን ያስገባል። አጥብቆ የገጠመው ነፋስ አያስገባም፣ ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲያብጥ ግን አልከፈትም ይላል። ጎበዙ አናጢ የት ማጥበቅ፣ የት መተው እንዳለበት ያውቃል። የሽጉጥ ባለሙያም ዋጋው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጦር 1911ን ከመቀበሉ በፊት ሲፈትነው 6,000 ጥይት አንዴም ሳይነክስ፣ ማለትም ጥይት ይዞ ሳይቆም፣ ተኩሷል፤ ያ ሽጉጥ ደግሞ እንደ ዛሬዎቹ ጠብቆ የተገጠመ አልነበረም። ዛሬ ከሚሠሩት ውዶች አንዳንዶቹ እጅግ ጥብቅ ስለሆኑ መጀመሪያ በዘይት ርሰው 500 ያህል ጥይት ካልተተኮሰባቸው አይፈቱም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ «ተበላሸብኝ» እያለ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ሽጉጡን አንስቶ ይነቀንቀዋል፣ ድምፅ ካላሰማ «ይሄ ነው» ይላል። ይህ ፈተና ብዙም አይጠቅምህም። ማነጣጠሪያው ያለው በላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ጥይት ዒላማ ላይ ተጠጋግቶ እንዲያርፍ የሚያደርገው በዋናነት አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ከዚያ ከላይኛው ብረት ጋር በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ አንድ ቦታ መመለሱ ነው። ተንሸራታቹ ከታችኛው አካል ጋር ያለው ጥብቀት አስተዋጽኦ ቢኖረውም ያን ያህል አይደለም። ሱቅ ስትሄድ ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ፣ ተንሸራታቹ ተዘግቶ ሳለ አፈሙዙን ከኋላ በኩል፣ ቀለህ በሚወጣበት ቦታ፣ በአውራ ጣትህ ወደ ታች ጫን። ከተንቀሳቀሰ እጅ አልነካውም ማለት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ የተደከመበት ነው።

ቃታውን ደግሞ ማንም ይረዳዋል። የ1911 ቃታ እንደሌሎቹ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በጎበዝ እጅ የተሠራው ወደ 1.7 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሳብ ያለ መንገራገጭ ይለቅቃል። አንዴ ከሳብኸው በኋላ የፋብሪካው ቃታ አሸዋ የገባበት ይመስልሃል። ነገር ግን ይህን ብቻ ከፈለግህ አንድ ጥሩ ባለሙያ ያለህን ሽጉጥ በጥቂት መቶ ዶላር ያስተካክልልሃል።

ውድ ሁሉ አይነክስም ማለትም አይደለም። ስሙን የማልጠራው ቤት የሠራው፣ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ የተከፈለበት ሽጉጥ በየካዝናው አንዴ ቀለህ እየያዘ ያስቸግር ነበር። ስንፈታው ቀለህ የሚስበው ቀጭን ብረት ውጥረቱ ትክክል አልነበረም። ይህ ክፍል የራሱ ሞላ የለውም፣ በእጅ እየታጠፈ ነው ውጥረቱ የሚስተካከለው። ሥራው አጭር ነው፤ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ባለሙያ ሊያየው ይገባ ነበር። ስለዚህ የምትገዛበት ቤት ዋስትና ምን ይላል የሚለው፣ ካታሎጉ ላይ ካለው ፎቶግራፍ ይበልጣል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በ25 ያርድ፣ ማለትም በ23 ሜትር ገደማ፣ ቆመህ ስትተኩስ ጥይቶችህ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ እንደሚያርፉ ጽፈሃል። ሌስ ቤር ደግሞ በእጥፉ ርቀት፣ በ50 ያርድ፣ በ3 ኢንች ማለትም በ7.6 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንደሚያሳርፍ ዋስትና ይሰጣል። ይህ የሽጉጡ ችሎታ ነው፤ በአንተ እጅ ሲገባ ወደ አንተ ችሎታ ይወርዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለህን ሽጉጥ የአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ በ25 ያርድ አምስት አምስት ተኩስበት። ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካረፈ፣ ልዩነቱ የክንድህ፣ የትንፋሽህና የጣትህ ነው። የደገፍኸውና ያልደገፍኸው ተቀራርበው የመጡ ዕለት፣ ሽጉጡ አንተን ወደ ኋላ መጎተት የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ያኔ ውዱን ግዛ ብዬ በሙሉ ልቤ እመክርሃለሁ።

እስከዚያ ገንዘቡ ጥይት ይሁን። አንዱ የ45 ጥይት 50 የአሜሪካ ሳንቲም ቢያወጣ፣ 4,200 ዶላር ከ8,000 በላይ ጥይት ነው። ከዚያ ላይ ቀንሰህ ጥቂት ጥሩ ካዝናዎች ግዛ፤ የ1911 መንከስ ብዙውን ጊዜ ከካዝና ነው የሚመጣው። ከተኩስ በኋላ ተንሸራታቹን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ሞላም በየ3,000 ጥይቱ ቀይር። እንዲህ የተያዘ የ900 ዶላር ሽጉጥ ለብዙ ዓመት ያገለግልሃል።

አንድ ነገር ግን በውዱ በኩል ሆኜ ልናገር። በሽጉጥህ ላይ እየቀጠልህ አፈሙዙን፣ ማነጣጠሪያውን፣ ቃታውን ብታስቀይር፣ ስትሸጠው ያወጣኸው አይመለስም። የታወቀ ቤት የሠራው ግን ከዋጋው ብዙ አይወርድም። ከቃታው ሥራ አልፈህ መለዋወጥ ካማረህ፣ ያንን ትተህ አጠራቅም።

ስለ አባትህ አጭር ነገር ልበል። አታምጣው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ ሀገር ማስገባትን ይከለክላል፤ ከአሜሪካ ለማውጣትም የራሱ ሕግ አለው። አባትህን ደስ ላሰኛቸው ብለህ አዘዞ አየር ማረፊያ ላይ ባታሳስራቸው፣ ራስህም ባትታሰር ይሻላል። በተጨማሪም በአገራችን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው፣ ምንሽርም ይሁን ጣሊያን በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የቀረው ቤሬታ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥይቱ ይገኛል ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህኛው ጥይቱም፣ ሞላውም፣ ቀለህ ሳቢውን የሚያስተካክል ባለሙያም ባሕር ማዶ ነው ያለው። አባትህ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚያዩት ብረት ሆኖ ይቀራል።

የካሊበሩን ጥያቄ በተመለከተ፣ ውዱን የምትገዛበት ቀን ሲደርስ 9 ሚሊ ሜትር ውሰድ። ጥይቱ ከ45ቱ በብዙ ይረክሳል፣ ግፊቱም ለስለስ ስለሚል ብዙ ተኩሰህ አይደክምህም። ንድፉ መጀመሪያ ለ45 የተሠራ ስለሆነ ግን 9 ሚሊ ሜትሩ በካዝና ምርጫ ይበልጥ ጠንቃቃ ነው። ሽጉጡን የሠራው ቤት የሚመክረውን ካዝና ብቻ ተጠቀም፤ ከመግዛትህ በፊትም ሻጩን ስንት ካዝና አብሮ እንደሚሰጥህ ጠይቀው።