ለራስ ብቻ የሚጻፍ ደብተር

ባለፈው የወሲብ ስሜቷ ግራ ለገባት አንዲት አንባቢ "ደብተር ያዢና ለራስሽ ጻፊ" ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ደብተሩ የማይጠይቀኝ የለም። ጥቂቶቹን ልመልስ።

"24 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነኝ። በጥር ልዳር ነው። እጮኛዬን እወደዋለሁ፤ ወሲብ ሲነሳ ግን ባዶ ነኝ። ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንድ መስመር አልወጣልኝም።"

አይፈረድብሽም እህቴ፣ ቋንቋውም አያግዝ። ቤት ውስጥ "ያ ነገር" ነው፣ ሐኪም ጋ "ግንኙነት" ይሆናል፣ የተረፈው ስድብ ነው። በሰምና ወርቅ ያደገን ሰው ወርቁን ብቻ ጻፍ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ከወሲብ አትጀምሪ። ስለ ሰውነትሽ ከሰማሽው ጀምሪ፦ የወር አበባሽ የመጣ ቀን እናትሽ ምን አለችሽ፣ ቡና ላይ ሴቶቹ በምን ሲስቁ ነበር፣ አንቺ ስትገቢስ ለምን ዝም አሉ? ቀጥሎ ደስ ያለሽን ንክኪ ጻፊ፣ ፀጉርሽን ስትሠሪም ይሁን እጅሽን ሲይዝሽ። ከዚያ ያልወደድሽውን። ባዶነቱ ፍርሃት ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ ወይ ፍላጎቱ በተፈጥሮሽ ትንሽ ይሁን (እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ በሽታም አይደለም) ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መልሰሽ ስታነቢው መለየት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በልጅነትሽ ተገርዘሽ ከሆነ እሱንም ጻፊው። በአገራችን ብዙ ሴት ያለፈችበት ነው፣ ከዚያ የመጣውን ችግር የራሷ ጉድለት አድርጋ ተሸክማ የምትኖርም አለች። የቂንጥር አብዛኛው ክፍል ያለው ከቆዳ ሥር ነው፤ ስለዚህ መገረዝ ማለት ስሜት ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ሕመም ካለሽ ከሠርጉ በፊት የማህፀን ሐኪም እዪ። ቀኑን ማራዘምም ይቻላል፣ ድንኳኑ ገና አልተተከለ።

"ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። ቢያነበውስ?"

እንዳይኖር አድርጊዋ! ጽፈሽ ስታበቂ ቅደጂው፣ ከሰሉ ላይ ጣይው። ጥቅሙ ያለው ማስቀመጡ ላይ ብቻ አይደለም፣ መጻፉ ራሱ ይጠቅማል። ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው አጽፏቸው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ጋ መመላለሳቸው ቀነሰ። ግን በጻፉበት ሰዓት ከፍቷቸው ነበር፣ ስለዚህ ማታ ልትተኚ ስትይ ባትጽፊ ይሻላል። በስልክ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን በራሱ ወደ ሌላ አካውንት የሚገለብጥ ነገር እንዳለ እዪና አጥፊው።

"ወንድ ነኝ፣ 29 ዓመቴ፣ ወልድያ። ዓይኔ ወንድ ላይ ነው የሚያርፈው። ከጻፍኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።"

ወንድሜ፣ ሳትጽፈውም እኮ አለ። ብዕር አይፈጥረውም፣ አለመጻፍም አያጠፋውም። ለራስህ ስም ለማውጣት ግን አትቸኩል። መቼ እንደሚሰማህ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሴት ላይም ይኖር እንደሆነ፣ ምኞት ይሁን ወይ ብቸኝነት፣ እንዳለ አስቀምጠው። ጥንቃቄውን ግን ለአንተ አጠብቀዋለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ያስቀጣል። የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፣ ስለ ስሜት አይደለም፤ ሰፈር ግን አንቀጽ አያነብም። የማንንም ስም አትጻፍ፣ የራስህንም ጭምር። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥል። ስሜቱን ዝም ለማሰኘት ብለህ ደግሞ የሰው ልጅ አታግባ፣ እባክህ።

"ስለዚህ ነገር መጻፍ ኃጢአት ነው?" (ከሐይቅ)

እኔ ጋ ፈትዋም ንስሐም የለም። የንስሐ አባትህን ወይ ሼኩን ጠይቅ፣ ወሎ ውስጥ ሁለቱም ሩቅ አይደሉም።

"አግብቻለሁ፣ የጻፍኩትን ለባሌ ላስነብበው?" (ከባቲ)

ሙሉውን? አይሆንም። ያነባል ብለሽ ካሰብሽ መጻፍሽ ራሱ ይቀየራል። አንድ መስመር ምረጪና በአፍሽ ንገሪው። ባቲ ብሎ አምባሰል ብሎ አገሩን የቅኝት ስም ያደረገ ወሎዬ ፍቅሩን ሲዘፍን ማን ይችለዋል፤ ፊት ለፊት "እንዲህ ስታደርገኝ ደስ ይለኛል" ማለት ነው የቸገረን። ቡና ተፈልቶ ግን አይሁን። ጎረቤት ይመጣል።