ዜጋ ያልሆነን ሰው የሚከለክል ሕግ ሁሉ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይጥሳል?

ጥያቄ፦ አገር ቤት በሕግ ተመርቄ አሁን አሜሪካ ኤልኤልኤም (በሕግ ሁለተኛ ዲግሪ) እየተማርኩ ነው። በሕገ መንግሥት ፈተና ላይ ስለ አንዲት የግሪን ካርድ ባለቤት አራት ነገር ቀረበልን። ስቴቱ ዜጋ ያልሆነ ሰው ኖታሪ ፐብሊክ (መሐላ የሚቀበልና ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) አይሆንም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤትም አያስተምርም ብሏል። የፌዴራሉ ኮንግረስ ግሪን ካርድ ያለው ሰው አምስት ዓመት ካልኖረ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ጤና መድን) ተጨማሪ መድን አያገኝም ብሏል። አንድ የግል ፋብሪካ ደግሞ የምቀጥረው ዜጋ ብቻ ነው ብሏል። እኔ አራቱም አድልዎ ስለሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብዬ ጻፍኩ፤ ያገኘሁት ውጤት ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። የቱ ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የሳቱት ገና ጭብጥ ሲይዙ ነው። ከአራቱ ክልከላዎች ሁለቱ የስቴት፣ አንዱ የፌዴራል መንግሥት፣ አንዱ የግል ድርጅት ናቸው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምን ተደረገ ከማለት በፊት ማን አደረገው ይባላል። ይህ ሲዘለል የቀረው ትንታኔ የቱንም ያህል ቢያምር መምህሩ ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ አያገኝም።

ቀላሉን እናስቀድም፤ ፋብሪካውን። የሕገ መንግሥቱ አሥራ አራተኛው ማሻሻያ የሚያዘው ስቴቶችን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የግል ሰው ወይም ድርጅት የሚፈጽመውን አድልዎ እንደማይነካ በ1883 ወስኗል፤ መሠረቱም እስካሁን አልተናደም። ስለዚህ ፋብሪካው ላይ የሕገ መንግሥት ክስ የለም። ክስ ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም፤ መብቱ የሚገኘው ከተራ ሕግ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክላል፤ ዜግነትን ግን አይጨምርም ተብሎ በ1973 በኤስፒኖዛ ጉዳይ ተወስኗል። ክፍተቱን የሞላው የ1986ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ዜግነት በሕግ ወይም በመንግሥት ውል ካልተጠየቀበት በቀር፣ የግሪን ካርድ ባለቤትን፣ ስደተኛንና ጥገኝነት ያገኘን ሰው በዜግነት ምክንያት ሥራ ሊከለክል አይችልም። አቤቱታው በ180 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ወጥመዶች አሉ፦ ለዜግነት ማመልከት ከቻለበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ሳያመለክት ያሳለፈ የግሪን ካርድ ባለቤት ይህን ከለላ ያጣል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የሥራ ፈቃድ ስላላቸው ብቻ ከለላው ያላቸው የሚመስላቸው ግን ብዙ ናቸው።

ወደ ስቴቱ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ በእኩል ጥበቃ አንቀጹ የሚናገረው ስለ «ሰው» ነው፤ ዜጋ አይልም። በ1886 በዪክ ዎ ጉዳይ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለቻይናውያን የልብስ ማጠቢያ ፈቃድ እየነፈገ ለሌሎች መስጠቱ በዚሁ አንቀጽ ውድቅ ሆኗል። በ1971 ደግሞ አሪዞና ዜጋ ያልሆነ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ካልኖረ የመንግሥት ድጎማ አይሰጠውም ብላ ነበር፤ በግራሃም ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ስቴት በዜግነት ሲለይ ስትሪክት ስክሩቲኒ በሚባለው ጥብቅ መመዘኛ ይፈተሻል አለ። በዚህ መመዘኛ የማስረዳት ሸክሙ የስቴቱ ነው። እጅግ አስገዳጅ የሆነ የመንግሥት ጥቅም እንዳለ፣ ሕጉም ለዚያ ጥቅም ብቻ በልኩ እንደተሰፋ ማሳየት አለበት። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው ማለት አያድነውም።

ኖታሪዋ የምታሸንፈው በዚህ ነው። በ1984 በበርናል ጉዳይ የቴክሳስ ተመሳሳይ ክልከላ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ወድቋል። ፍርድ ቤቱ ያየው የማዕረጉን ስም አይደለም፤ ኖታሪ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ነው፦ መሐላ መቀበል፣ ፊርማ ማረጋገጥ። ኃላፊነት ያለበት ቢሆንም የመንግሥትን ፖሊሲ የሚቀርጽ ሥራ አይደለም።

መምህሯ ግን ሌላ ናት፤ ፈተና አውጪዎችም ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ጥብቁ መመዘኛ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ሕዝብ ራሱን በራሱ ከሚያስተዳድርበት ተግባር ጋር የተያያዘ ሥራ ሲሆን ስቴቱ ምክንያታዊ መሆኑን ብቻ ማሳየት ይበቃዋል። በዚህ ቀዳዳ በ1978 የኒውዮርክ ስቴት ፖሊሶች፣ በ1979 በአምባክ ጉዳይ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ በ1982 የካሊፎርኒያ የአመክሮ መኮንኖች አልፈዋል። ፖሊስ በዜጎች ላይ ሥልጣን ስላለው ይገባኛል። የአመክሮ መኮንኑ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያሳይ ነው፤ ያ ውሳኔ አምስት ለአራት መሆኑም አይገርምም።

አምባክን ጠቅሶ «መምህሯ ትሸነፋለች» ብሎ ማለፍም ግማሽ መልስ ነው። የኒውዮርኩ ሕግ የነካው ለዜግነት ማመልከት እየቻሉ አንፈልግም ያሉትን ነበር። ከሳሾቹም ብቁ ሆነው ሳያመለክቱ የቀሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። የእርስዎ ፈተና ላይ ያለው ሕግ ግን በጅምላ ይከለክላል፤ ግሪን ካርዷን ትናንት ያገኘችውንና ማመልከት የማትችለውንም ጭምር። ይህን ልዩነት አውጥቶ የሁለቱንም ወገን ክርክር የጻፈ ተማሪ፣ መደምደሚያው ወደ የትኛውም ቢያዘነብል፣ ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

የሜዲኬሩ ጥያቄ ላይ ብዙ ተማሪ አሥራ አራተኛውን ማሻሻያ ይጠቅሳል። ስህተት ነው፤ እሱ ፌዴራል መንግሥቱን አያዝም። ፌዴራሉ በእኩልነት የሚጠየቀው በአምስተኛው ማሻሻያ የዱ ፕሮሰስ (ተገቢ የሕግ ሥርዓት) አንቀጽ በኩል መሆኑ በ1954 በቦሊንግ ጉዳይ ተወስኗል። መመዘኛውም ይላላል፤ የውጭ ዜጎችን አገባብና አኗኗር የመወሰን ሥልጣን የኮንግረስ ነውና። በ1976 በማቲውስ እና ዲያዝ ጉዳይ ይኸው የአምስት ዓመት ቅድመ ሁኔታ በሙሉ ድምፅ ጸንቷል። ስቴት በራሱ ተነሥቶ ቢያወጣው በግራሃም የሚወድቀው ክልከላ ኮንግረስ ሲያወጣው ይቆማል ማለት ነው።

«ፌዴራል ከሆነ ያልፋል» ብለው እንዳይጽፉ ግን። በዚያው ቀን በተሰጠ ሌላ ውሳኔ፣ የፌዴራሉ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የውጭ ዜጎችን ከመንግሥት ሥራ የከለከለበት ደንብ አምስት ለአራት ተሽሯል። ኮሚሽኑ የጠቀሰው የውጭ ግንኙነትና የዜግነት ማበረታቻ ጥቅም የእሱ ድርሻ አልነበረም። በወራት ውስጥ ፕሬዚዳንት ፎርድ ክልከላውን በራሳቸው ትእዛዝ መልሰው አመጡት። ስለዚህ ፌዴራል ከማለት አልፈው ኮንግረስ፣ ፕሬዚዳንት ወይስ አንድ መሥሪያ ቤት ብለው ይለዩ።

አገር ቤት ለተማረ ሰው አንድ ማሳሰቢያ። እኛ የሕገ መንግሥት ክርክር ሲነሣ በአንቀጽ 83 እና 84 መሠረት ወደ አጣሪ ጉባኤና ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት መላክ ለምደናል። እዚህ ከ1803ቱ የማርበሪ ውሳኔ ወዲህ በፊቱ ጉዳይ የቀረበለት ማንኛውም ዳኛ ሕጉን ሊሽር ይችላል። በዚያው ልክ የፌዴራል ፍርድ ቤት በር ጠባብ ነው። ከሳሿ ተጨባጭ ጉዳት፣ ጉዳቱ ከተከሳሹ ድርጊት የመነጨ መሆኑን፣ ፍርዱም ሊጠግነው እንደሚችል ማሳየት አለባት፤ ሦስቱም በ1992 በሉሃን ጉዳይ በግልጽ ተዘርዝረዋል። ለኖታሪነት አመልክታ ተከልክላለች? ወይስ ሕጉ አስቆጥቷት ብቻ ነው የመጣችው? ፈተናው ላይ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልገው ይጥቀሱ። ተከሳሽ አድርገው ስቴቱን አይጻፉ፤ ሉዓላዊ ያለመከሰስ መብት አለው። ከ1908ቱ የያንግ ውሳኔ ጀምሮ የሚከሰሰው ፈቃዱን የሚነፍገው ባለሥልጣን ነው፤ የሚጠየቀውም ወደፊት እንዳይከለክል የሚያዝ ትእዛዝ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሕጋዊ ነዋሪን ይመለከታል። በሚቀጥለው ፈተና ሰነድ የሌለው ሰው ቢመጣ የግራሃምን ጥብቅ መመዘኛ እንዳለ አይውሰዱ። በ1982 በፕላይለር ጉዳይ ቴክሳስ ሰነድ የሌላቸውን ልጆች ከነፃ ትምህርት ማገድ አትችልም ሲባል፣ ፍርድ ቤቱ ጥብቁን መመዘኛ አልተጠቀመም፤ ትምህርትንም መሠረታዊ የሕገ መንግሥት መብት አላለውም። ልጆቹ በወላጆቻቸው ድርጊት መቀጣታቸውን ከትምህርት ልዩ ቦታ ጋር አዳምሮ ነው ስቴቱን ከበድ ያለ ምክንያት የጠየቀው። ስለዚህ ያ ውሳኔ ለአዋቂ ሰው የሥራ ፈቃድ ጥያቄ እምብዛም አይረዳዎትም።