የሁዳዴ ጾምና የዩክሬን ምግብ ቤት ግብዣ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው። በመጪው ዐቢይ ጾም ኒውዮርክ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። አብራት የምትሠራ አንዲት ዩክሬናዊት መምጣቴን ሰምታ፣ ኢስት ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር ወዳለ ቀለል ያለ የአገሯ ምግብ ቤት ልትጋብዘን ቀጠሮ ይዛለች። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ እዚህ ጣና ዳር በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ቢሆንም እኔ አልቀምስም፤ የአሳማ ነገርማ ጨርሶ አይነካካኝም። ጋባዣችንን ሳላስቀይም ምን ልበላ እችላለሁ? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?
አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ግብዣውን በደስታ ይቀበሉ። አብዛኛው ዩክሬናዊ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን በመሆኑ፣ የጾም ምግብ ለአገሩ ወጥ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ሁዳዴያቸው ከእኛው በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢገባም ፋሲካችን በአንድ ቀን ይውላል፤ አጥብቀው የሚጾሙትም እንደ እርስዎ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ስለዚህ ልጅዎ ጋባዣችሁን አስቀድማ «እናቴ ጾመኛ ናት» ብትላት ነገሩ ወዲያው የሚገባት ይመስለኛል፤ ቀጠሮውም ለእራት ከሆነ የዘጠኝ ሰዓቱ ጉዳይ አያሳስብም።

የሚያስጠነቅቀው ሌላ ነው። ምግብ ቤቱ ለከተማው ሰው ሁሉ የሚያበስል በመሆኑ፣ አስተናጋጁ «ሥጋ የለበትም» ቢልዎት ይህ ብቻ አይበቃም፤ በአሜሪካ ሥጋ የሌለበት ተብሎ የሚቀርብ ምግብ ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። በመጀመሪያ የሚመጣው ቦርሽ ይሆናል፤ ከቀይ ሥር፣ ከጥቅል ጎመን፣ ከድንችና ከካሮት የሚሠራ ቀይ ሾርባ ነው። ብዙውን ጊዜ በሥጋ መረቅ ቢበስልም የጾሙ በአትክልት ወይም በእንጉዳይ መረቅ ይዘጋጃልና የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ። ከላዩ የሚጨመረው ስሜታና የሚባለው የኮመጠጠ ክሬም እንዳይደረግበት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከጎኑ የሚቀርበው ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ትንንሽ ዳቦ ሊጡ ወተትና እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ሳይጠይቁ አይቁረሱ።

ለዋናው ምግብ እኔ የምመርጥልዎ ቫሬኒኪ ነው። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ በድንች፣ በጥቅል ጎመን ወይም በእንጉዳይ ተሞልቶ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተዘግቶ በውኃ ይቀቀላል፤ ሲበሉት ለስላሳና አጥጋቢ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ቤት ሊጡን በእንቁላል ያቦካል፤ ከተቀቀለ በኋላም ቅቤ ይቀባበታል፣ ወይም በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሽንኩርት ይነሰነስበታል። ልጅዎ «ሊጡ እንቁላል አለው? ሽንኩርቱ በዘይት ነው የተጠበሰው?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለበትም። በጥቅል ጎመን ቅጠል የሚጠቀለለው ሆሉብትሲ አብዛኛውን ጊዜ ሩዝና ሥጋ ነው፤ በእንጉዳይ የተሠራ ካላቸው ግን ይበሉት። ሳሎ የተባለው ነጭ ቁራጭ በጨው የታሸ የአሳማ ስብ ስለሆነ፣ በዳቦ ላይ ተደርጎ ቢቀርብልዎ «አመሰግናለሁ፣ አልበላም» ማለት ይበቃል። ለመጠጥ ከደረቁ ፍራፍሬዎች የሚፈላው ኡዝቫር ጥሩ ነው፤ ማር ሊጨመርበት ስለሚችል በጾም ማር የማይቀምሱ ከሆነ ይጠይቁ።

ስለ ጨዋታውም አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ በመሆኑ፣ እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ከዚያ አካባቢ የመጣውን ሁሉ «ሩስያ» ማለት ይቀናናል። ቦርሹን በጋባዣችሁ ፊት የሩስያ ምግብ ብለው እንዳይጠሩት አደራ እላለሁ። ሩስያ በዩክሬን ላይ የከፈተችው ጦርነት ሕዝቡን ከቀዬው በማፈናቀሉ ምክንያት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የዩክሬንን የቦርሽ አሠራር ባህል አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል። ቤተሰቦቿ ምናልባት አሁንም እዚያው ይሆናሉ፤ የጦርነቱን ነገር እርሷ ካነሳችው እንደ እናት ያዳምጧት፣ ካላነሳች ግን እርስዎ ባይጀምሩት ይሻላል።

ሒሳቡን የሚከፍለው የጋበዘ ነው፤ «እኔ ልክፈል» እያሉ መታገል በእኛ ዘንድ ጨዋነት ቢሆንም እዚያ ጋባዧን ሊያስጨንቃት ይችላል። ምናልባት በሌላ ቀን እናንተ በተራችሁ የምትጋብዟት ከሆነ፣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ የከተማውን 8.875 በመቶ የሽያጭ ግብር እንደማይጨምር፣ ለአስተናጋጁም ከሒሳቡ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መተው የተለመደ እንደሆነ ይወቁ። ባዶ እጄን አልሄድም ካሉ የተቆላ የዘጌ ቡና ይያዙላት። አበባ ከሆነ የሚገዙት ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ በዩክሬን ሙሉ ቁጥር ያለው አበባ የሚቀመጠው ለሞተ ሰው ነው።