ልጅዎ በትምህርት ቤት ሲያስቸግር፦ ለአሜሪካ ነዋሪ ወላጆች

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ወገናችን «ልጅዎ ክፍል ውስጥ አስቸግሯል» የሚል ስልክ ሲደወልለት፣ ብዙውን ጊዜ ወይ መምህሯን ይቅርታ ጠይቆ ማታ ልጁን ይቆጣል፣ ወይ «ጥቁር ስለሆነ ነው» ብሎ ይቀየማል። ጥርጣሬው አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቁጣውም ሆነ ቅያሜው የጸባዩን መነሻ አያሳይም። መምህሯን መጠየቅ ያለብዎት ከድርጊቱ በፊት ምን እንደነበረና በኋላ ምን እንደተከተለ ነው። ልጁ ወንበር የሚገለብጠው ዘወትር የንባብ ሰዓት ሲደርስ ከሆነና በዚሁ ጥፋት ወደ ቢሮ የሚላክ ከሆነ፣ ከንባቡ ማምለጫ አግኝቷል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገውም ምናልባት የንባብ እገዛ ይሆናል።

መምህሯም ከእርስዎ የምትፈልገው ነገር አለ። ልጁ አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ አድጎ በቅርቡ ወደ እናቱ የመጣ መሆኑን፣ ወይም ሲገሠጽ አንገቱን የሚደፋው በንቀት ሳይሆን በጨዋነት መሆኑን ካልነገሯት ከየት ታውቃለች? ይህን መናገር ገመና ማውጣት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም።

ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ ስብሰባ መግባት ፈጽሞ አይገባም። «ጓደኛውን መታ» የተባለው «ጎበዝ ነው ተብሏል» ሆኖ ሊደርስዎ ይችላል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይበቃው ወላጅ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣ አስቀድመው ይጠይቁ።

ችግሩ ከቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና ዛሬ አይዲያ (IDEA) በሚል ስም የሚታወቀው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የፌዴራል ሕግ ልጅዎ በነፃ እንዲገመገም የመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። «ልጄን እብድ ሊሉብኝ ነው» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ከዚህ በር ይመልሳቸዋል፤ ነገር ግን ግምገማው ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም፣ ውጤቱም ለጎረቤት አይነገርም። ጥያቄውን በቃል ብቻ አያቅርቡ። «ልጄ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስፈልገው መሆኑ እንዲታወቅ ሙሉ ግምገማ እጠይቃለሁ፤ የሚያሳስበኝም ይህ ጸባዩ ነው» የሚል ቀን ያለበት ኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ ይላኩ፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ከተስማማ ደግሞ እርስዎ ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ፣ ወይም ክፍለ ግዛቱ በወሰነው ጊዜ፣ ግምገማውን መጨረስ ይኖርበታል።

የዚህ ኢሜይል ጥቅም ግን በይበልጥ የሚታየው እገዳ ሲመጣ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት አገልግሎት የሚያገኝ ልጅ በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀናት በላይ ሊታገድ ከሆነ፣ ጥፋቱ አገልግሎቱን ካስገኘለት ችግር የመነጨ መሆን አለመሆኑን ወላጅ ባለበት ስብሰባ ማጣራት ግዴታ ነው። ገና ያልተገመገመ ልጅም ቢሆን፣ ወላጁ ከጥፋቱ በፊት ግምገማ ጠይቆ ወይም ስጋቱን በጽሑፍ አሳውቆ ከነበረ ይህንኑ ጥበቃ መጠየቅ ይችላል። ከእገዳው በኋላ የሚላክ ደብዳቤ ይህን ያህል አይረዳም።

ልጁ ተገምግሞ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ብቁ ሆኖ ከተገኘ አይኢፒ (IEP) የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል። በስብሰባው ላይ እስክሪብቶ ሲቀርብልዎ ፊርማው ለመገኘትዎ ይሁን ለስምምነትዎ ይጠይቁ፤ ለስምምነት ከሆነ ሰነዱን ቤት ወስደው በሚገባዎት ቋንቋ አስነብበው መመለስ ይችላሉ።