ሥራም ሥራ አጥነትም በአንድ ወር እንዴት አብረው ይጨምራሉ?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ወርሃዊ የሥራ ሪፖርት ላይ ያየሃቸው ሁለት ቁጥሮች ከተለያየ ጥናት ነው የሚመጡት።

"ሥራ ጨመረ" የሚለው ቀጣሪዎችን ጠይቆ ነው። የወሩን 12ኛ ቀን በያዘው የደመወዝ ጊዜ በደመወዝ መዝገብ (ፔሮል) ላይ ስንት ሥራ እንዳለ ይቆጥራል። ቀን ሆስፒታል፣ ማታ ሆቴል የምትሠራ ሴት ሁለቴ ትቆጠራለች፤ አንዴ በጤናው፣ አንዴ በሆቴሉ ዘርፍ። በራሱ መኪና ኡበር የሚነዳው ግን ጭራሽ አይገባም።

የሥራ አጥነቱ መነሻ ደግሞ ቤተሰቦችን የሚጠይቅ ጥናት ነው። እሱ የሚቆጥረው ሥራን ሳይሆን ሰውን ነው። ሥራ ፍለጋ ትቶ ስለነበር ከሥራ አጥ ያልተቆጠረ ሰው እንደገና ማመልከት ሲጀምር "ሥራ አጥ" ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ቅጥር እየጨመረ የሥራ አጥነቱ መጠንም ከፍ ሊል ይችላል።

አደራህን፣ የአንድ ወር የዘርፍ ቁጥር አይተህ ሙያ እንዳትቀይር። የመጀመሪያው ቁጥር ጊዜያዊ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ይታረማል፣ በዓመት አንዴም ከሥሩ ይከለሳል። ደመቀ የተባለ ዘርፍ ሲከለስ ቀዝቅዞ አይቻለሁ። ቢያንስ የሦስት አራት ወሩን አብረህ እይ፣ የወቅቱ ተጽዕኖ የተስተካከለበትን ሠንጠረዥም ክፈት። አለበለዚያ በጁላይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሚታየው ቅናሽ በከንቱ ያስደነግጥሃል።